የጫጉላ ድንኳን የት ይተከል?

ስንቃቸውንና መኝታቸውን በየጀርባቸው ተሸክመው የጫጉላ ጊዜያቸውን በሸራ ድንኳን ሊያሳልፉ የቈረጡ እጮኛሞች በደብረ ብርሃን ሲያገኙኝና «የት እንሂድ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አስቀድመው የሚያሳዩኝ በስልካቸው ያኖሩትን የአንድ ገደል ወይም የአንድ ሜዳ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ያማረ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የተነሣው ፀሐይ በምድር ላይ በሠለጠነችበት በመዓልት እንጂ ውርጭ በሚወርድበት በሌሊት አይደለምና፣ በአገራችን ደግሞ ሌሊቱ በጋም ሆነ ክረምት 12 ሰዓት ያህል ነውና፣ ሥዕሉ የጫጉላችሁን እኩሌታ ብቻ ነግሯችሁ ስለ ቀሪው እኩሌታ ዝም ይላል። ጫጉላ ማለት ለሙሽሮች ተለይታ የምትሠራ ጎጆ ናት፤ ጎጆ የሚሠራ ሰውም ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎርፉ ወዴት እንደሚወርድ ሳይመረምር ምሰሶ አይተክልም። እናንተም ድንኳናችሁ ያው ጫጉላችሁ መሆኑን ዐውቃችሁ ቦታውን በሌሊቱ ጠባይ እንድትመርጡ፣ አመራረጡን በየደረጃው ከዚህ በታች እጽፍላችኋለሁ።

1. መጀመሪያ ድካማችሁን አሳርፉ፣ ከዚያም ዐቅማችሁን ለኩ

ብዙዎች የሚሳሳቱት ገና ከመነሻው ነው። ሠርጉ በዋለ በማግሥቱ ሊነሡ ይቈርጣሉ፤ ነገር ግን ለሳምንታት ሲሰናዱ የሰነበቱ፣ በሠርጉ ዋዜማ ያልተኙ፣ ከጭፈራውም ገና ያላረፉ ሁለት ሰዎች ሸክም ይዘው ከ3,000 ሜትር በላይ ቢወጡ፣ ድካሙ ወደ ብርድ፣ ብርዱም ወደ ቍጣ ይለወጥና የትዳራቸውን የመጀመሪያ ጠብ በተራራ ላይ ይጣላሉ። ስለዚህ መልሱም ቅልቅሉም አልቆ፣ ቢያንስ ሦስት ሌሊት በቤታችሁ ከተኛችሁ በኋላ የምትነሡበትን ቀን ቍረጡ፤ ዘመድ ሁሉ «እኛ ቤት ሳትመጡ?» እያለ ለምሳ መጥራቱ አይቀርምና፣ ይህንኑ ቀን ከሠርጉ አስቀድማችሁ ለሁለቱም ወላጆች አሳውቁ።

ሸክምን በሚመለከት፣ አንድ ሰው ከራሱ ክብደት ከአንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም መልካም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ከዚህም ውስጥ የቀኑ ውሃ ብቻ 3 ኪሎውን ይወስዳል። ቦርሳውን ሞልታችሁ በሚዛን አስመዝኑት፣ ከዚያም ጭናችሁት አንድ ሰዓት አቀበት ውጡበት። ሸክሙ ከዐቅማችሁ በላይ ከሆነ፣ የምትመርጡት ቦታ አህያ ወይም በቅሎ ከነነጂው የሚከራይበት እንዲሆን ግድ ነው። መለኪያውም ከሁለታችሁ የደካማው ዐቅም ይሁን፤ ደካማው ሁልጊዜ ሙሽራዪቱ ናት ብሎ መገመት ግን ከንቱ ትምክሕት ነው፤ በመንዝ ቍልቍለት ያደገች ልጅ ዘመኑን በጽሕፈት ቤት ወንበር ያሳለፈውን ሙሽራ ከአቀበቱ ራስ ሆና ስትጠብቀው አይቻለሁና።

2. የሠርጋችሁ ወር ቦታውን ያጥብብላችሁ

ሠርጋችሁ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በጥር ከሆነ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ የደረቀ፣ ቀኑ ደስ የሚያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰማዩ ስለ ጠራ ብቻ ምድር የቀኑን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ትለቀዋለችና፣ በደጋው ላይ ውርጩ የሚበረታው በዚሁ ወራት ነው፤ በጣሳ የተተወ ውሃ ረግቶ የሚያድርበት ሌሊት አለ። የጥር ሙሽሮች እንግዲህ ወይ መኝታቸውን ማበርታት፣ ወይ ወደ ቈላው ጥቂት ዝቅ ማለት አለባቸው።

ከትንሣኤ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ሌሊቱ ይለዝባል፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ ግን ይህ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ጊዜ ስለሆነ መንገዱ ይጨቀያል፣ ድንኳኑም ከላዩ ሁለተኛ ሸራ ሊኖረው ይገባል። ለስንቅ ግን ይህ ጊዜ የተመቸ ነው፤ በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ ጭኮውንም ቋንጣውንም ቀን ሳትቈጥሩ ትይዛላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉምና በረዶ መብረቅም በሚፈራረቅበት በደጋው ሜዳ ላይ ድንኳን መትከልን ፈጽሞ አልመክርም።

እኔ እንድትመርጡ የምሻው ወር ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ምንጮቹ ገና ሙሉ ናቸው፣ ሣሩ አልነጣም፣ አቧራው አልተነሣም፣ ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያትም ገና ነው፤ ውርጩ መጀመሩ ግን አይቀርም።

3. ሌሊቱን በቍጥር ለኩት

ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ለዚህ ምርጫ መልካም መለኪያ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደብረ ብርሃን ሌሊቱ ወደ 4 ዲግሪ የሚወርድ ከሆነ፣ 600 ሜትር ከፍ በሚል ሜዳ ላይ ዜሮ ገደማ፣ 1,000 ሜትር ዝቅ በሚል ተዳፋት ላይ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በላይ እንደሚሆን አስቡ። ይህ ስሌት ግን የሚሠራው ድንኳኑ በተገቢው ስፍራ ሲተከል ነው። እኔና ባለቤቴ በአንድ የጥር ምሽት ከነፋስ የሚሸሽግ መስሎን ድንኳናችንን በሁለት ኮረብታ መካከል በወንዝ ዳር ተክለን፣ ሌሊቱን ከዳገቱ ሁሉ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ እየወረደ በዚያ ሸለቆ ሲጠራቀም፣ ንጋት ላይ ሸራው እንደ ቆርቆሮ ደርቆ አግኝተነዋል፤ 20 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በነበረው ደልዳላ ላይ ግን ሣሩ ውርጭ አልነካውም ነበር። ስለዚህ ከሸለቆው ወለል ከፍ፣ ከኮረብታው ራስ ግን ዝቅ ያለ፣ ከምሥራቅ ፀሐይ ቶሎ የሚያገኝ ስፍራ ያለበትን አገር ምረጡ።

መኝታችሁ ያንን ሌሊት ይችል እንደሆነ ከጕዞው በፊት መፈተን ያሻል፤ ነገር ግን ከሠርጉ አስቀድሞ አብሮ ማደር ነውር ስለሆነ፣ እያንዳንዳችሁ በየወላጆቻችሁ ግቢ ከቤት ውጭ በመኝታ ከረጢታችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ወላጅ ይደነግጥ ይሆናል፤ ቢሆንም ይህች አንዲት ሌሊት በሱቅ ካለው ምክር ሁሉ ትበልጣለች። ብርዱ ከላይ የመጣ እንደሆነ ልብስ ይጨመራል፤ ከታች የመጣ እንደሆነ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜም ከታች ነው፣ የሚያድነው ከምድር የሚለይ ስፖንጅ ፍራሽ እንጂ የብርድ ልብስ ብዛት አይደለም። የመንዝ ባና ከሁሉ የሚሞቅ የበግ ጠጕር ልብስ ነው፤ ከባድ በመሆኑ ግን አህያ በሌለበት መንገድ አትመኩበት።

ከቈላ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ሙሽራ ካለ፣ ወደ ከፍታው ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ሌሊት በደብረ ብርሃን ይረፍ። በላይ ሳላችሁ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢበረታበት ወደ ላይ አንድ እርምጃ አትጨምሩ፤ ካልተሻለውም ያለ ክርክር ውረዱ።

4. ቦታዎቹን ከነጠባያቸው መዝኑ

ለድንኳን ጫጉላ በሰሜን ሸዋ ከጓሳ የሚበልጥ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የሣርና የአስታ አገር ሲሆን፣ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ወጥታችሁ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳትርቁ ታገኙታላችሁ። ሜዳው ሰፊና ለጥ ያለ በመሆኑ ሸክም የያዘ ሰው ሳይቸኵል ይሄድበታል፤ በዓለም ሁሉ ተቈጥሮ 500 ያህል እንኳ መሙላቱ የሚያጠራጥረው ቀይ ቀበሮ በጠዋት አይጥ ሲያድን በዐይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ሌሊቱን በገደል አፋፍ ያደሩት ጭላዶችም ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር እየነጩ ከእናንተ ጥቂት ራቅ ብለው ይውላሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልቤን የሚያሳርፈው፣ አገሩ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው፤ የሚጠብቀው በዙሪያው ያለው ገበሬ ራሱ ስለሆነ፣ እንግዳ ማን እንደ ሆነና ወዴት እንደ ሄደ ሳይታወቅ አይቀርም፤ ይህም ለሁለት ብቸኛ መንገደኞች ከማናቸውም አጥር ይሻላል።

የጓሳ ችግር ሌሊቱና ነፋሱ ነው። ጥላ የሚሆን ዛፍ የለውም፤ ጅብራው ረጅም ቢሆንም ነፋስ አይመልስም። ሣሩም እንደ ጕብታ ጕብታ ሆኖ ስለሚበቅል፣ ከመንገዱ ወጥቶ በላዩ የሚሮጥ ሰው ቍርጭምጭሚቱን ይጠመዝዛል፤ የብዙዎች ጕዞ በዚህ ተሰናክሏል። ድንኳናችሁን ለእንግዳ በተለየው ስፍራ ትከሉ፤ ጉም በድንገት ስለሚሸፍን በምሥራቁ ገደል አፍ አጠገብ አትትከሉ። ውሻችሁንም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነውና።

የጥር ሙሽሮች ከሆናችሁና መኝታችሁ ያልበረታ ከሆነ ግን ፊታችሁን ወደ አንኮበር መልሱ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ የደጋው ሜዳ በድንገት ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲደረመስ ታያላችሁ፤ በዚያ ተረተር ላይ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል፣ የወፍ ዋሻ ደን ይገኛል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ነፋሱን ስለሚሰብሩት፣ ወደ ታች በወረዳችሁ መጠንም አየሩ ስለሚለዝብ፣ ሌሊቱ ከጓሳ እጅግ የተሻለ ነው፤ በወይና ደጋው ወዳለችው ወደ አልዩ አምባ አቅጣጫ ብትወርዱማ ብርድን ትረሳላችሁ። በዚህ ስፍራ የሚፈተነው ጕልበት ነው። ቍልቍለቱ የበረታ በመሆኑ ደልዳላ መትከያ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ በዘጠኝ ሰዓት መፈለግ ጀምሩ፤ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ደኑ ውስጥ ይጨልማልና። በደኑ ነብር፣ በዳርቻው ጅብ ስለማይጠፋ፣ ሥጋና ቅቤ በድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ በሚገባ በተከደነ ዕቃ ከድንኳኑ አርቃችሁ አስቀምጡ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ ጥላ ግን አያታልላችሁ፤ ቅርንጫፉ ነፋስ ሳይነካው እንኳ ተገንጥሎ ሊወድቅ ይችላል።

ከሰሜን ሸዋ ርቀው መሄድ ለሚሹ ሦስት ስም ብቻ እጠቅሳለሁ። የሰሜን ተራሮች በደባርቅ ፈቃድ የሚወጣበት፣ ጠባቂ ይዞ መሄድ ግዴታ የሆነበት፣ እንደ ሳንቃበር ያሉ የታወቁ የሰፈር ስፍራዎች ያሉት ነው፤ ቢያንስ አምስት ቀን ለሌላቸው ግን አይሆንም። የባሌ ተራሮች ከዲንሾ በፈረስ የሚጀመሩ ሲሆን፣ ጫፋቸው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ስለሆነ በዚያ ያለው የሰነቲ አምባ ሌሊት ከጓሳ ይብሳል። ወንጪ ሐይቅ ለሁለት ሌሊት ብቻ ለሚወጡና በሸክም ላልተፈተኑ የሚስማማ ነው።

5. መንገዱንና ጸጥታውን ጠይቁ

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት፣ ትላንት የተከፈተ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል፤ ይህን ደረጃ እንደ ትንሽ ነገር ቈጥሮ የሚያልፍ ሰው የሚወዳትን ሴት ለአደጋ ይሰጣል። አንድ ሰው ጠይቃችሁ አትርኩ፤ በመነኻሪያው በዚያው መስመር የሚመላለስ ሾፌር፣ በስፍራው ነዋሪ የሆነ ዘመድ፣ የወረዳው መሥሪያ ቤት፣ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሲሰጧችሁ ብቻ ተነሡ። ከሦስቱ አንዱ ቢያመነታ ቦታውን ለውጡ እንጂ በሁለቱ ተደፋፍራችሁ አትሂዱ። ከየትም ብትነሡ ከጨለመ በኋላ በመኪና አትጓዙ፤ በተለይ ጣርማ በር ጉም ሲለብስ በቀንም ያስፈራል። መታወቂያችሁንና የጋብቻ ወረቀታችሁን ቅጂ ያዙ፤ በኬላ ላይ «ምንና ምን ናችሁ?» ተብሎ መጠየቅ የተለመደ ነውና።

6. ከጠባቂውና ከአገሬው ጋር ተስማሙ

ሙሽሮች ብቸኝነትን ሽተው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ገጠር ግን ሰው የሌለበት አይደለም። ድንኳን በተተከለ በሩብ ሰዓት ውስጥ እረኞች ይሰበሰባሉ፣ ቆመውም ይመለከታሉ። ይህ ነውረኝነት ሳይሆን የእንግዳ ናፍቆት ነውና አትቈጡ፤ በወጉ ሰላም በሏቸው፣ ከየት እንደ መጣችሁና ሙሽሮች መሆናችሁን ንገሯቸው። ሙሽራ መሆናችሁ ሲታወቅ ታላላቆቹ ራሳቸው ልጆቹን ይመልሱላችኋል፤ ምናልባትም ወተት ይላክላችሁ ይሆናል። መኖራችሁን ሸሽጋችሁ በጨለማ ብትተክሉ ግን ባለመሬቱን ታስደነግጣላችሁ፤ የደነገጠ ባለመሬትም ዱላ ይዞ ይመጣል።

በሚከፈልበት ስፍራ የመግቢያውን ክፍያ በጽሕፈት ቤቱ ብቻ ክፈሉ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ጠባቂ ሲመደብላችሁ፣ የቀን አበሉን፣ የሚበላውን፣ የሚተኛበትንም ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ የራሱ ድንኳንና ብርድ ልብስ እንዳለው በዐይናችሁ እዩ፤ ከሌለው እናንተ ያዙለት። ድንኳኑን ድምፅ በሚሰማበት፣ ወሬ ግን በማይሰማበት ርቀት፣ 50 እርምጃ ያህል አርቆ እንዲተክል በትሕትና ንገሩት። ይህን ለመናገር የሚያፍሩ ሙሽሮች ጫጉላቸውን በሹክሹክታ ይጨርሳሉ።

7. የውሃውንና የእሳቱን ነገር ወስኑ

ምንጭ በሌለበት ስፍራ ሁለት ሌሊት ማደር አይቻልምና፣ ውሃው የት እንዳለና በዚያ ወር ይደርቅ እንደ ሆነ ስለ ቦታው ስትጠይቁ አብራችሁ ጠይቁ። ከብት ከሚጠጣበት በላይ ቅዱ፣ «ውሃ አጋር» የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት፣ ወይም ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቈዩት፤ በ3,400 ሜትር ላይ ውሃ 89 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቶሎ ከእሳቱ ማውጣት አይገባም። በዚሁ ምክንያት ምስርና ባቄላ በደጋው ላይ ጋዝ ጨርሰው እንኳ አይበስሉም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ያዙ።

በጓሳም በወፍ ዋሻም እንጨት አትቍረጡ፣ አስታውንም አታቃጥሉ፤ ትንሽ ቡታጋዝ ይዛችሁ ውጡ። አሁን የምለውን ግን ከሁሉ አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ብርዱ ምንም ቢጠና፣ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳኑ አታስገቡ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል፤ ከሰሉ ነድዶ ዐመድ ለብሷል ማለትም መርዙ አልቋል ማለት አይደለም። የደብረ ብርሃን አረቄም ሙቀት የሚሰጥ ይመስላል እንጂ ደምን ወደ ቈዳ አውጥቶ የውስጡን ሙቀት ያባክናል፤ ለሠርጉ ቤት ተዉት። ሁለት ጠርሙስ ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእግራችሁ በኩል ብታኖሩ ይሻላል።

8. ሁለተኛ ቦታ ይኑራችሁ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመረጣችሁት ቦታ በዝናብ ወይም በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ በዚያው ስንቅና በዚያው መኝታ የምትሄዱበት ሌላ ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ። ጓሳን የመረጠ አንኮበርን፣ አንኮበርን የመረጠ ወንጪን በተጠባባቂነት ይያዝ፤ ሁለቱ ቦታዎች ግን በአንድ መንገድ ላይ አይሁኑ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሁለቱም ይዘጋሉና። የምትሄዱበትን፣ የምታድሩበትን፣ የምትመለሱበትንም ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ለአንድ ሚዜ ስጡት፤ በተራራው ላይ ስልክ የማይሠራበት ስፍራ ብዙ ስለሆነ፣ በቀጠሯችሁ ቀን እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድምፃችሁን ካልሰማ ለማን እንደሚደውል የጠባቂውንና የጽሕፈት ቤቱን ቍጥር በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩለት። በምትነሡበት ጠዋትም መነኻሪያ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ስፍራው አንድ ጊዜ ደውላችሁ፣ ሌሊቱ እንዴት እንዳደረ ጠይቁ።